የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስታወት፦ ከንድፉ እስከ መጀመሪያው ክረምት

ለቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮት ልትሠሩ ስትነሡ ከቀለሙ በፊት የእርሳሱን፣ ማለትም የመስታወት ቁራጮችን የሚያያይዘውን ለስላሳ ብረት፣ መስመር ሣሉ። ከሸራ ሥዕል ወደዚህ ሙያ የሚመጣ ሠዓሊ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥዕሉን በቀለም ጨርሶ ካበቃ በኋላ «መስታወቱ የት የት ይቆረጥ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ መቁረጫው በፊት ላይ፣ በእጅ ላይ፣ በመስቀሉ መካከል ያልፋል። መስታወትን ከመስታወት የሚያያይዘው እርሳስ ብርሃን ሲመታው ድቅድቅ ጥቁር መስመር ነው። ምእመኑ ከበሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ሥዕሉን ለይቶ የሚያነበው በዚያ መስመር ነው፤ ቀለሙ በመስመሮቹ መካከል ይቀመጣል።

በዚህ በኩል የእኛ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ትልቅ ስንቅ ነው። ወፍራም ጥቁር መከበቢያ፣ ሰፊና ለስላሳ የቀለም መደብ፣ ከሰውነቱ ሁሉ ጎልቶ የሚታይ ፊትና ዐይን፤ ይህ ሁሉ ለመስታወት የተመቸ ነው። የቅዱሱ ልብስ እጥፋቶች የእርሳሱን መንገድ ራሳቸው ያሳያሉ። ነገር ግን ከብራና ላይ የተወሰደ የሐረግ ጌጥ እንዳለ አይገለበጥም። ሐረጉ እየተጠላለፈ ሲሄድ ክሩ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ከጠበበ፣ ግራና ቀኙን የሚይዘው 6 ሚሊ ሜትር እርሳስ ብርሃኑን ይውጠውና ከሩቅ ጥቁር ጥልፍልፍ ብቻ ይቀራል። ጠባቡን ሐረግ በአንድ ቁራጭ መስታወት ላይ በብሩሽ ሣሉት፤ እርሳስ ለሰፊው ይሁን።

አንዳንድ ጊዜ ንድፉን የሚያወጣውና መስታወቱን የሚሠራው ሰው ይለያያሉ። በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መስኮት ንድፉ የአፈወርቅ ተክሌ ነው፤ መስታወቱ የተዘጋጀው ፈረንሳይ አገር ነው። እንዲህ ባለው አሠራርም ቢሆን የእርሳሱን መስመር የሚወስነው ንድፉን ያወጣው ሰው ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለሌላ ከተተወ መስታወት ሠሪው ለመቁረጥ የሚቀለውን መስመር ይመርጣል፤ ሥዕሉም ሌላ ሥዕል ይሆናል።

ልኬት

በአንድ ግንበኛ እጅ የተሠሩ ሁለት መስኮቶች እንኳ ልካቸው አንድ አይሆንም። ወርዱን ከታች፣ ከመካከልና ከላይ፣ ቁመቱን በግራ፣ በመካከልና በቀኝ ለኩ። ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መስኮቱ ዘሟልና አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አትቁረጡ። ቅስት ያለበትን ቦታ በቁጥር ብቻ አትመኑ። በቀጭን ኮምፔርሳቶ ቅርጹን ቆርጣችሁ እዚያው መስኮቱ ላይ ገጥማችሁ አረጋግጡ፤ በላዩም «ውስጥ»፣ «ላይ»፣ የመስኮቱንም ቁጥር ጻፉበት። የውስጡን ከውጩ አሳስቶ ቅስቱን ገልብጦ መሥራት በዚህ ሥራ ከሚያጋጥሙ ውድ ስሕተቶች አንዱ ነው።

የምትይዙት ልክ ሁለት ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት የሚታየው ክፍት ቦታ አንድ፣ መስታወቱ ገብቶ እስከሚቀመጥበት ቦይ ጥግ ድረስ ያለው ሁለት። ፓኔሉ፣ ማለትም በእርሳስ ተያይዞ ባንድነት የሚገጠመው የመስታወት ክፍል፣ ከሁለተኛው ልክ በ6 ሚሊ ሜትር ይነስ፤ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ልክ ደግሞ በንድፉ ላይ በቀይ አስምሩት፤ ከዚያ ውጭ የተሣለ ጌጥ ድንጋዩ ውስጥ ይቀበራል።

አንድ ፓኔል በግምት 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። በእርሳስ የተያያዘ መስታወት በካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ እርሳስ ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው፣ በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ይሰምጣል። 3 ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ባንድ ወጥ ብትሠሩት የታችኛው ክፍል የላይኛውን ተሸክሞ ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ 75 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባላቸው አራት ፓኔሎች ከፍሉት፤ እያንዳንዱም ከግንቡ ጋር በተያያዘ የራሱ አግድም ብረት ላይ ይቀመጥ።

የሙሉ መጠን ንድፉን በከሰል ስትሥሉ ሦስት ነገሮችን ጠብቁ። ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የሚያልፍ የእርሳስ መስመር አይኑር፤ ነፋስ ሲገፋው እንደ ማጠፊያ ሆኖ ፓኔሉ በዚያ መስመር ይታጠፋል። ወደ ውስጥ በጥልቀት የሚጎብጥ ቁራጭ አይኑር፤ ሲቆረጥ ባይሰበር በክረምት ወይ በምድጃ ውስጥ ይሰበራል፣ ስንጥቁም ሁልጊዜ ከጉብጠቱ ጥልቅ ቦታ ይነሣል። ሦስተኛው፣ አራት መስመሮች ባንድ ነጥብ አይገናኙ፤ መስቀለኛ መገናኛው ብየዳው ተቆልሎ እንደ እብጠት ይታያል። አንዱን መስመር ጥቂት ፈቀቅ አድርጉት።

የንድፉን አጽም፣ ማለትም የእርሳሱን መስመሮች፣ በሌላ ወረቀት ገልብጡ፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ስጡና አንዱን ቅጂ ቁረጡት። በሚቆረጠው መስመር ላይ ከ1.5 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር የሚሆን ወረቀት ተነሥቶ መጣል አለበት፤ ያ የእርሳሱ መካከለኛ ግድግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ለዚህ የተሠራ ባለ ሦስት ስለት መቀስ አለ። ከሌለ ሁለት ምላጮችን በመካከላቸው ካርቶን አድርጋችሁ እሰሯቸው። ይህን ንቆ ማለፍ ዋጋው ውድ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢተልቅ፣ በወርዱ 20 ቁራጭ ያለው ፓኔል በ1 ሴንቲ ሜትር ይሰፋና መስኮቱ አይቀበለውም።

ብርሃኑ ከየት ነው?

ስለ ባለቀለም መስታወት የሚነገረው አብዛኛው ምክር የመጣው ፀሐይ ዝቅ ብላ ከምትሄድባቸው ከሰሜን አውሮፓ አገሮች ነው። በፈረንሳይ ያለው የሻርትር ካቴድራል መስኮቶች አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1205 እስከ 1240 ባለው ጊዜ ተሠሩ፤ ያን ጥልቅ ሰማያዊና ቀይ የሚያነድደው በዚያ ሰማይ ሥር የሚገኝ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ የሰሜኑ መስኮት ፀሐይ የሚያገኘው ያኔ ነው፤ ግማሹም ጊዜ ደመና ነው። በቀረው ወራት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት። መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ስለሚዞር የምሥራቁ መስኮት የጠዋቱን ፀሐይ ዝቅ ካለ ማዕዘን በቀጥታ ይቀበላል፤ በሌሊት ተጀምሮ እስከ ጠዋት በሚዘልቅ ቅዳሴም ምእመኑ ፊት ለፊት የሚያየው እሱን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ጠቆር ያለ መስታወት ምረጡ፣ በብሩሽ የምትቀቡትንም ጥላ አወፍሩት። በሰሜን በኩል ቀለል ያለ መስታወት ስጡ፤ ካልሆነ ዓመቱን ሙሉ የደበዘዘ ይሆናል። ነጭ ብርሃን የሚገባበት ተራ መስታወት ከባለቀለሙ አጠገብ ካለ ዐይን ወደ ደማቁ ይሳባልና ባለቀለሙ ይሞታል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው «ገንዘብ ስለሌለን ለጊዜው ሁለት መስኮት ብቻ ይሠራ» ሲል፣ ፊት ለፊት ከሚተያዩት ይልቅ ባንድ ግድግዳ ጎን ለጎን ካሉት ጀምሩ በሉ።

ቀለማት በብርሃን ውስጥ እኩል አይሄዱም። ሰማያዊ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ከሩቅ ሲታይ ከቁራጩ ስፋት በላይ ይመስላል፤ አጠገቡ ያለውንም ቀይ ወደ ወይን ጠጅ ይገፋዋል። መድኃኒቱ በሰማያዊው ቁራጭ ጠርዝ ዙሪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ጥቁር ቅብ መስጠት ወይም በሰማያዊና በቀይ መካከል ጠባብ ነጭ ክር ማስገባት ነው። ነጩን በወጉ ጥላ አልብሱት።

የግእዝ ጽሑፍም በዚሁ ሕግ ይገዛል። ብዙ ጊዜ መስታወቱን ሙሉ ጥቁር ቀብቶ ፊደሉን ፍቆ በብርሃን እንዲወጣ ማድረግ ያምራል። ነገር ግን ብርሃን ይሰፋልና የው፣ የመ፣ የፀ ክብ ሆድ ይደፈናል፤ ከሩቅ ሁሉም ነጥብ ይመስላሉ። የሆዱን ጥቁር ከብራና ላይ ካለው አስፉት፣ ቅጥሉንም ከፊደሉ አርቁት። በብርሃን መደብ ላይ በጥቁር ከጻፋችሁ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀጭኑን መስመር ብርሃን ይበላዋልና አወፍሩት። ከ6 ሜትር ርቀት የሚነበብ ጽሑፍ ቀጭን መስመሩ ከ3 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይሻላል። አንዱን ቃል ሠርታችሁ መስኮት ላይ አስደግፉና ከታች ሆናችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ቀሪውን ቀጥሉ።

መቁረጥና መቀባት

በትንፋሽ የተነፋ መስታወት ውፍረቱ ባንዱ ሉሕ ላይ እንኳ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል፤ ውበቱም ከዚያ ነው። በማሽን የተዳጠው እኩል 3 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ለመደብና ለጌጥ ይበቃል። ፊትና ልብስ ግን ከተነፋው ይሁን። ከሚያስፈልገው ስፋት ላይ ከ30 እስከ 50 በመቶ ጨምራችሁ እዘዙ፤ ያው ቀለም ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ትክክል አንድ ዓይነት አይሆንም። ቀይ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ ነጭ መስታወት ላይ እንደ ቆዳ የተነባበረ ስስ ቀይ ነው፤ ውፍረቱ ሁሉ ቀይ ቢሆን ጥቁር ይመስል ነበር። ጠርዙን በብርሃን አይታችሁ ቀዩ በየትኛው ፊት እንዳለ ለዩና በሌላው ፊት ቁረጡት።

ለመቁረጥ መቁረጫውን ላምባ አስነክታችሁ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ወደዚህኛው ባንድ ግፊት፣ ባንድ ጊዜ ውሰዱት። ድምፁ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ወጥ ነው፤ ነጭ ዱቄት ከተነሣ ከመጠን በላይ ገፍታችኋል። በተጫረው ላይ ሁለተኛ አትጫሩ፤ መንኮራኩሩ ይጎዳል፣ መስታወቱም ወደፈለገበት ይሄዳል። ከጫራችሁ ወዲያው ስበሩት። የውስጥ ጉብጠትን ባንዴ አትቁረጡ፤ በሦስት አራት ቅስት እየሸረፋችሁ ወደ መስመሩ ቅረቡ። በብርድ ያደረ መስታወት ይሸፍታል፤ ክፍሉ ሳይሞቅ ሥራ አትጀምሩ።

የተቆረጡትን ቁራጮች በአንድ ትልቅ ጥርት ያለ መስታወት ላይ በንድፉ ቦታቸው ደርድራችሁ በቀለጠ ሰም ጠብታ አያይዟቸው፤ ሰሙ ላይ ጥቂት ሮዚን (የጥድ ሙጫ) ቢጨመር የበለጠ ይይዛል። በትልቁ መስታወት ጀርባ የእርሳሱን መስመሮች በጥቁር ቀቡ። ከዚያ አቁሙትና በቀን ብርሃን እዩት። በጠረጴዛ ላይ በአምፖል ብቻ እያዩ ቀለም መምረጥ ብዙ ሥራ አበላሽቷል።

ለመስታወት የሚሆነው ቀለም የብረት ወይም የመዳብ ኦክሳይድና በቀላሉ የሚቀልጥ የመስታወት ዱቄት ድብልቅ ነው። በወፍራም መስታወት ላይ በመጅ አይነት ማላሚያ ከውኃና ከግራር ሙጫ ጋር ይፈጫል። ለ30 ግራም ቀለም ሩብ የሻይ ማንኪያ የሙጫ ዱቄት መነሻ ይሁናችሁ። ሙጫው ካነሰ ሲደርቅ በጣት ይራገፋል፤ ከበዛ ምድጃ ውስጥ ይፈላና መስመሩ ቋጠሮ ቋጠሮ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በደረቀው ላይ ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሹት፤ ጥቂት ዱቄት ብቻ ከነካችሁ ልኩ ደርሷል። መከበቢያውን መስመር በአቼቶ ብታዋሕዱት፣ ሲደርቅ በውኃ ስለማይለቅ ከላዩ ጥላውን ሳይጋገር መቀባት ይቻላል።

ጥላው ስስ ሆኖ በሰፊ ብሩሽ ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ ባጀር ከሚባል እንስሳ ፀጉር በተሠራ ለስላሳ ብሩሽ ወዲህና ወዲያ ይዳበሳል። ሲደርቅ ብርሃን የሚያስፈልግበት ቦታ በእንጨት ጫፍ፣ በመርፌ፣ በጠንካራ ብሩሽ እየተጠረገ ይወጣል። ይህ ከሸራ ሥዕል ጋር ተቃራኒ ነው፤ በመጀመሪያ ይጨልማል፣ ከዚያ ብርሃኑ ይገለጣል። የዐይን ብሌን አጠገብ ያለችውን ነጭ ሰፋ አድርጋችሁ ጥረጉ። ከታች ሲታይ ፊቱን ሕያው የምታደርገው እሷ ናት።

ምድጃው ከ650 እስከ 670 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ወደ 510 ግድም ወርዶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፤ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይሆን አይከፈት። የየምድጃው መለኪያ ይለያያልና ከእያንዳንዱ መስታወትና ቀለም የሙከራ ቁራጭ አስቀድማችሁ ጋግሩ። የበሰለ ቀለም ጥቂት ያብረቀርቃል፣ በሚስማር ሲጫር አይነሣም። ጠመኔ የመሰለ ድብዝዝ ከሆነ አልበሰለም፤ ዛሬ ያምራል፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመስኮቱ ላይ በሚወርድ ላብ ታጥቦ ይሄዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አንዳንድ ሠሪዎች ቀለሙ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲቀልጥ ቦራክስ ይጨምሩ ነበር፤ ፊታቸው የጠፋ ቅዱሳን ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለአክሊልና ለብርሃን ክበብ የሚሆነው ወርቃማ ቢጫ ከብር የሚሠራ ሲሆን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ በአውሮፓ ይታወቃል። በመስታወቱ ጀርባ ይቀባል፣ ከሁሉ በኋላ ከ560 እስከ 600 ዲግሪ ይጋገራል። ብሩ ራሱ ወደ መስታወቱ ውስጥ ስለሚሰርግ አይለቅም። ሙቀቱ ካለፈ ወደ ቡናማ ይዞራልና እዚህ ላይ 10 ዲግሪ እንኳ ልዩነት አለው።

እርሳስ፣ ብየዳ፣ ስቱኮ

እርሳሱ በጎኑ ሲታይ ሁለት ቦይ ያለው ነው፤ መካከሉ ግድግዳ፣ ላይና ታቹ ክንፍ። ለዳር 12 ሚሊ ሜትር፣ ለውስጥ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ተጠቀሙ፤ የሰውነትን ዙሪያ በሰፊው፣ የልብስ እጥፋትን በጠባቡ ብታደርጉት መስመሩ ራሱ ብሩሽ ይሆናል። ከመጠቀማችሁ በፊት አንዱን ጫፍ በሞርሳ ይዛችሁ ሌላውን በጉጠት ሳቡት፤ ጠምዛዛው ይቃናል፣ ይጠነክራል። አንድ እግር ወደ ኋላ ይሁን፤ ጫፉ ሲያመልጥ ብዙ ሰው ወድቆ ተጎድቷል።

ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎችን በማዕዘን ጠረጴዛው ላይ ምቱ፤ ከዚያ ጥግ ጀምራችሁ ቁራጭ፣ እርሳስ፣ ቁራጭ እያላችሁ ውጡ። መስታወቱን በቦታው ለመያዝ የፈረስ ጫማ ሚስማር የሚመረጠው ጎኑ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጠርዙን ስለማይሸርፍ ነው። እያንዳንዱን እርሳስ የሚገናኘው እርሳስ ክንፍ ሥር እንዲገባ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አሳጥራችሁ ቁረጡ። በየረድፉ ንድፉን እየለካችሁ ሂዱ፤ ያደገውን ቁራጭ ወዲያው አውጥታችሁ ሞርዱት። መጨረሻ ላይ እየገፉ ማስገባት መስታወቱን ይወጥረዋል፤ የተወጠረ ቁራጭ ደግሞ ከተሰቀለ በኋላ ይሰነጠቃል።

ለብየዳው 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ ያለው ይሻላል፤ 190 ዲግሪ ሳይደርስ ይቀልጣል። እርሳሱ ራሱ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው፤ ካውያው፣ ማለትም የብየዳው ብረት፣ ከዚያ በላይ ስለሚግል መንካት እንጂ ማሳረፍ የለም። መገናኛውን በነሐስ ብሩሽ አጽዱ፣ የሞራ ሻማ አስነኩ፣ ብየዳውን ጣሉ፣ አንሡ። ካልያዘ ቆሽሿል ማለት ነው፤ ሙቀት አትጨምሩ፣ እንደገና ጥረጉ። አንዱ ፊት ካለቀ በኋላ ፓኔሉን እንደ ትሪ አታንሡት፤ ይታጠፋል። ወደ ጠረጴዛው ዳር ግማሹን አውጥታችሁ ወደ ታች አዘንብላችሁ አቁሙት፤ ከዚያ አዙሩት።

አሁን ፓኔሉ ይንኳኳል፤ ዝናብም ያስገባል። ይህን ክፍተት የሚደፍነው ስቱኮ የሚሠራው ከጠመኔ ዱቄት፣ ከተልባ ዘይት፣ ከጥቂት ተርፔንታይንና ለማጥቆሪያ ከጥላሸት ነው። ውፍረቱ እንደ ወፍራም አጥሚት ይሁን፤ ገንፎ ከሆነ ከክንፉ ሥር አይገባም፣ ከቀጠነ ይፈስሳል። በጠንካራ አጭር ብሩሽ በየአቅጣጫው እያሻችሁ ክንፉ ሥር አስገቡት፤ በሁለቱም ፊት። ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ወይም ሰጋቱራ በትናችሁ ጥረጉት፤ ትርፉን ዘይት ይጠጣል፣ መስታወቱን ያጸዳል፣ እርሳሱንም ያጠቁራል። አጋድሙት፣ በማግስቱ በጠርዙ የወጣውን በእንጨት ጫፍ ልቀሙ፣ እስኪጠና አንድ ሁለት ሳምንት ተዉት። የፋሲካ በዓል ደረሰ ብሎ በሦስተኛው ቀን መስቀል ለጋውን ስቱኮ ከታች ሰብስቦ ፓኔሉን ያጎብጠዋል።

ፓኔሉን ሳጥን ውስጥ የምታቆዩት ከሆነ ሳጥኑ ከኦክ እንጨት አይሁን። ከእንጨቱ የሚወጣው የአሲድ ትነት እርሳሱን ነጭ ዱቄት እስኪሆን ይበላዋል።

መግጠም

በውስጥ በኩል ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አግድም ዘንጎች ይግቡ፤ ፓኔሉ ላይ በተበየደ የመዳብ ሽቦ ይታሰሩ። ዘንጎቹ ዝገት የማይነካቸው ይሁኑ። ተራ ብረት ሲዝግ መጠኑ ያብጣልና ግንቡን ይሰነጥቃል፤ በአሮጌ መስኮቶች ዙሪያ የተፈለጠ ድንጋይ ስታዩ አብዛኛው ምክንያት እሱ ነው። ዙሪያውን በኖራ ቅልቅል ድፈኑ። ሲሚንቶ አጥብቆ ስለሚይዝ ነገ ፓኔሉን ሳይሰብሩ ማውጣት አይቻልም። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ፈጽሞ አይነካው፤ ሽታው እርሳስን የሚበላው አሲድ ራሱ ነው።

ከውጭ መከላከያ መስታወት ካስፈለገ በሁለቱ መካከል ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት፣ ከላይና ከታች መተንፈሻ ይኑር። ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ፕላስቲክ ሙቀት ያምቃል፣ ውስጡ ያልበዋል፣ ለጥበቃ ተብሎ የገባው ራሱ መስኮቱን ይጨርሰዋል።

ስለ እጃችሁና ስለ ቤታችሁ

እርሳስ በሰው ሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ሕፃናትን ከሁሉ የበለጠ ይጎዳል፣ በነፍሰ ጡር እናት በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። በብየዳው ጊዜ ከሚወጣው ጭስ ይልቅ የሚያሰጋው ዱቄቱ ነው፤ በተለይም ከአሮጌ እርሳስ ላይ የሚራገፈው ነጭ አቧራ። እኛ በእጃችን ስለምንበላ ነገሩ ይብስብናል። በሥራ ቦታ እንጀራም ቡናም አይቅረብ፤ ከመብላት በፊት እጅ በሳሙናና በጥፍር ብሩሽ ይታጠብ፣ ጥፍር ያጠረ ይሁን። ወለሉን በደረቅ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። የሥራ ልብስና ጫማ ቤት አይግባ፤ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። ወተት መጠጣት እርሳስን ከደም አያወጣም፤ በየጋራዡ የሚነገረው እምነት ሰውን ያዘናጋል። የሚያሳውቃችሁ በየ6 ወሩ የሚደረግ የደም ምርመራ ነው።

አሮጌ ሕንፃ ለገዛ ሰበካ

በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ምእመናኖቻችን ከሌሎች የክርስትና ወገኖች የተገዛ ወይም የተከራየ ሕንፃ ውስጥ ይቀድሳሉ፤ መስኮቶቹም ከነባለቀለም መስታወታቸው ይመጣሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ፦ ለጽዳት ዘመቻ የተሰበሰቡ ወጣቶች መስኮቱን በበረኪና፣ በአቼቶ ወይም በመስታወት ማጽጃ አይሹት። ቅቡ ያለው በውስጥ ፊት ነው፤ የዕጣኑና የጧፉ ጥላሸት የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ቅቡ ደካማ ከሆነ ጥላሸቱን ሲያጥቡ የቅዱሱ ፊት አብሮ ይሄዳል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አራግፉ፤ የቀረውን በጥጥና በተጣራ ውኃ፣ ማንም ልብ በማይለው ጥግ ላይ ከተሞከረ በኋላ፣ የሚያውቅ ሰው ያድርገው።

ፓኔሉ ሆዱ ወጥቶ ብታገኙት በእጃችሁ ወደ ውስጥ አትግፉት። ከጎን ሆናችሁ ቀጥ ያለ ጣውላ አስጠግታችሁ ጉብጠቱን ለኩ፤ ከ3 ወይም ከ4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም እርሳሱ በብየዳው አጠገብ ከተሰነጠቀ፣ ወይም የመዳቡ ማሰሪያ ከተበጠሰ፣ መውረድ አለበት። እርሳስ ከመቶ ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ መለወጡ የተለመደ ነው፤ መስታወቱ ግን ይቀጥላል። በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ካቴድራል በመስታወት የተሣሉት ነቢያት ወደ 900 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አላቸው። ሥዕሉ ከሥርዓታችን ጋር ስለማይስማማ ይነሣ ከተባለም ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከተፈቀደ ፓኔሉን ሙሉውን አውጥታችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ፣ አቁማችሁ አስቀምጡ። አጋድሞ መደራረብ ይሰብረዋል።

አዲስ መስኮት ከተሰቀለ በኋላ የመጀመሪያው ክረምት ፈተናው ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በጣለ ማግስት ጠዋት በእጅ ባትሪ ከውስጥ እያንዳንዱን ፓኔል ከታች ወደ ላይ እዩ። በቁራጩ ጠርዝ የእንባ መስመር ከወረደ እዚያ ቦታ ስቱኮ አልገባም፤ ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉና በበጋ ስቱኮ ጨምሩ። በታችኛው ብረት ላይ ውኃ ከተጠራቀመ ማስወጫው ተደፍኗል። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በጣት ነካ ነካ አድርጉ፤ የላላውን አጥብቁ። የሙሉ መጠን ንድፉን፣ የየቀለሙን ትርፍ መስታወት ከነቁጥሩ፣ የምድጃውንም ሙቀት የጻፋችሁበትን ወረቀት ባንድ ሣጥን አድርጋችሁ ለቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ፤ አንድ ቀን ድንጋይ የመታውን ቁራጭ የሚተካ ሰው ያንን ሣጥን ይጠይቃል።